የአባ ዘወንጌል የምስክርነት ደብዳቤ

ሰው አርባ ዓመት ሲጠጋው ከሦስት ነገር አንዱን ይጀምራል፤ ወይ መሮጥ፣ ወይ ሥጋ መተው፣ ወይ ከሚስቱ ጋር መጣላት። የእኔ ጉልበት ለሩጫ አይሆንም፤ ምግቤን የምትቆጣጠረው እናቴ ናት፤ ሚስት ደግሞ የለኝም። ስለዚህ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ልማር ብዬ ተነሣሁ። ከሦስቱም የሚቀል መስሎኝ ነበር።

የምሠራው ኢየሩሳሌም ውስጥ ባለ አንድ የሕክምና ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ነው። የበሽተኞች ቀጠሮ እንዳይደራረብ የሚያደርገውን ፕሮግራም እጠብቃለሁ። ቀጠሮው ይደራረባል፤ እኔም እጠብቃለሁ። እንዲህ እንዳለን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። በመካከሉ እየሠራሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨረስሁ፤ ከዚያ አዲሱ አለቃዬ በአሥር ዓመት እንደሚያንሰኝ ያወቅሁ ዕለት ዶክትሬት አማረኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ጠይቄ «ስላሳየኸው ፍላጎት ከልብ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። በዚህ አገር መሥሪያ ቤት ካመሰገነህ አለቀልህ ማለት ነው። ዘንድሮ ሌላ ቦታ ሞከርሁ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ የሚፈለገውን ነገር በስልክ ስትዘረዝርልኝ ወጥ ቤት ቆሜ በእናቴ የመድኃኒት ካርቶን ላይ እጽፍ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ውጤት፣ እንግሊዝኛ ለማወቄ ማረጋገጫ፣ ሦስት ገጽ የምርምር ሐሳብ። ከዚያ የመግቢያ ፈተና፤ በጽሑፍ ያለፈ በቃል ይቀርባል። ከፈታኞቹ አንዱ «ይህን ሰው እኔ እይዘዋለሁ» ካላለ ግን ማለፍ ብቻውን ዋጋ የለውም።

«ሁለት የምስክርነት ደብዳቤም አለ» አለች። «አንዱ ካስተማረህ ሰው፣ ሌላው የተግባር ሥራህን በቅርብ ካየ ሰው። ደብዳቤዎቹን አንተ ማየት አይፈቀድልህም።»

«የተግባር ሥራዬን በቅርብ ያዩት አንድ መነኩሴ ናቸው» አልኋት።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ማኅተም አላቸው?» አለች።

መነኩሴው አባ ዘወንጌል ይባላሉ። ከኢትዮጵያ ጎዳና ሁለት ጊዜ ታጥፈህ በምታገኘው አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ያወቅኋቸው በስልክ ምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያፎ ጎዳና ላይ በአማርኛ ስልክ ሳወራ ሰምተው ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ጋኔን ሳይገባበት አልቀረም። ቅዳሴ ላይ ያወራል።»

«ምን ይላል፣ አባ?»

«በዕብራይስጥ ነው የሚያወራው፤ በምን አውቄ?»

ተቀብዬ አዳመጥሁት። ዓይነ ስውራንን የሚረዳው ድምፅ ሳያውቁት ተከፍቶባቸው ኖሯል። «ባትሪ ሃያ በመቶ ቀርቷል» ነው የሚለው። ስነግራቸው አዘኑ። «የእኔም እኮ እያለቀ ነው፤ እንዲህ መጮህ ያስፈልጋል?» አሉ።

ድምፁን ዘጋሁላቸው። እሳቸውም ሊያመሰግኑኝ ቤታቸው ወስደው፣ ከመምህራቸው የወረሷቸውን ዘጠኝ የብራና መጻሕፍት አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ጠዋት እየሄድሁ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣሁ፤ የእጅ ጽሑፉን እያነበበ ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚገለብጥ ፕሮግራምም ሠራሁ። የምርምር ሐሳቤም ይኸው ነበር።

እናቴ ይህን ወዳጅነት አልወደደችውም። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። «ጎንደር ሳለን አያቶችህ መነኩሴ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር» አለችኝ። «አንተ አውቶቡስ ተሳፍረህ ትሄድላቸዋለህ!» ይህን እያለች ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ትቋጥርልኛለች፤ የእሳቸውንም ጾም የእኛንም የምግብ ሕግ፣ ካሽሩትን፣ የማያፈርስ እሱ ብቻ መሆኑን አስባ ደርሳበታለች።

ለፈተናው ማጥናት የጀመርሁት ቂርያት መናሔም፣ ቤታችን ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ እናቴ ደግሞ የሕንጻው ሽማግሌዎች ሁሉ የሚሰበሰቡባት ሴት ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የወይዘሮ እንዲህን የጡረታ ደብዳቤ አንብብ እባላለሁ፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ የአቶ እንቶኔን ቴሌቪዥን አስተካክል። ጥናቱን ወደ አባ ዘወንጌል ክፍል አዛወርሁት።

አባ መጀመሪያ ዝም ብለው ሲያዩኝ ሰነበቱ። በሦስተኛው ሳምንት መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፦

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«እያጠናሁ ነው፣ አባ።»

«ገጽ እየገለጥህ ነው እንጂ እያጠናህስ አይደለም። ተነሥ፤ ቁም።»

«ለምን?»

«እኔ ቅኔ ስማር መምህሬ ቁጭ ብሎ የሚመልስ ተማሪ አይወዱም ነበር። ወረቀቱን አስቀምጥና በቃልህ ንገረኝ።»

«አባ፣ ይህ እኮ ኮምፒውተር ነው። አይገባዎትም።»

«እኔ እንዲገባኝ አይደለም። ለአንተ ገብቶህ እንደሆነ ልወቅ።»

ቆምሁ። አንድን ነጥብ ከሌላው የሚያገናኝ አጭር መንገድ እንዴት እንደሚፈለግ በአማርኛ ማስረዳት ጀመርሁ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጥሩ እየሄድሁ ሳለ እጃቸውን አነሡ።

«ይህችን አታውቃትም።»

ደነገጥሁ፤ እውነትም አላውቃትም ነበር። «በምን አወቁ?»

«ድምፅህ ከፍ አለ። የማያውቅ ሰው ይጮኻል። እንደገና፣ ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ሲሉ ከዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ መስሎኝ ነበር፤ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ኖሯል። በዚህ ዓይነት ሰባት ሳምንት ተጠየቅሁ። ስለ ኮምፒውተር አንዲት ቃል የማያውቁ ሰው አንድ መቶ ሃያ ገጽ ሙሉ የማላውቀውን ብቻ እየነቀሱ አወጡብኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ያስተማሩኝ ሰዎች ይህን ዘዴ አለማወቃቸው እንዴት እንደጠቀመኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ክፉው ነገር በቃል ማጥናት ሱስ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ከቂርያት መናሔም ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ እየደገምሁ ነበር። «የመጀመሪያውን ከወረፋው አውጣ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ጎብኝ። የተጎበኘ ከሆነ ተወው፤ ያልተጎበኘ ከሆነ ጎብኝና ወረፋ አስይዘው።»

ከፊቴ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ!» አሉ። «ጎረቤት የሚጎበኝ እኮ ጠፋ። እኔ ስንት ጊዜ ታመምሁ፤ ማን በሬን አንኳኳ?»

«አይ እማማ፣ ይህ ትምህርት ነው...»

«ትምህርትማ ነው! ግን አንዲት ነገር ቅር አሰኘችኝ። የተጎበኘውን ለምን ትተወዋለህ? በሽተኛ ሁለቴ ቢጎበኝ ምን አለበት?»

«ሁለቴ ከተጎበኘ፣ እማማ፣ ዙሪያውን ሲዞሩ መውጫ የለዎትም።»

«ታዲያ ኑሮ ምን ሆነና?» አሉ። ከኋላ ያለው ወንበር ሁሉ ሳቀ። የምወርድበት ጣቢያም ያለፈኝ ያን ጊዜ ነው። እኒያ እናት በሦስተኛው ቀን ሰው ጠይቀው የእናቴን በር አንኳኩ። ልጅሽ መክሮኝ ጎረቤት ልጎበኝ መጣሁ ብለው እስከ ምሳ ተቀመጡ። የወጥ ቤቱን ወንበር እሳቸው ስለያዙት ቆሜ በላሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

አባ ዘወንጌልን ደብዳቤ ይጻፉልኝ ስላቸው ከእኔ ይልቅ ጉዳዩን አከበሩት። አንድ ሳምንት አሰቡበት። በሚቀጥለው ዓርብ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ፤ በማሸጊያው ላይ ማኅተም፣ በማኅተሙ ላይ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ የሰም ጠብታ አለበት። ጸሐፊዋ ብታየው ደስታዋን አትችለውም ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው በአማርኛ ስለሆነ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ተተርጉሞ በቀጥታ ከአስተርጓሚው ወደ ትምህርት ክፍሉ መላክ ነበረበት።

አስተርጓሚዋ ያፋ ትባላለች። ወደዚህ አገር የመጣችው እኔ በመጣሁበት ዓመት ነው፤ ያኔ ስሟ ውቢት ነበር። ትምህርት ቤት ሲያስገቧት «ውቢት ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው በዕብራይስጡ «ያፋ» ብለው መዘገቧት። ስሟ ራሱ ትርጉም ነው፤ ከእሷ የተሻለ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል? ፖስታውን በሰጠኋት ማግስት ደወለች።

«ወንድሜ፣ ከእኒህ መነኩሴ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ምን ጻፉ?»

«መናገር አልችልም፤ የሥራዬ ሕግ አይፈቅድልኝም።» ከዚያ ተነፈሰች። «ግን እንደ እህት... ልላከው?»

«ካልላክሽው ቀነ ገደቡ ያልፈኛል። ሰድበውኛል ማለት ነው?»

«ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ስድብ ተቆጥቶ ነው ይባላል። ይሄ ተረጋግቶ የተጻፈ ነው።»

ዓርብ እስኪደርስ አልጠበቅሁም፤ በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። አባ፣ በዚህ አገር የምስክርነት ደብዳቤ ማለት ማመስገን ነው፤ ሁሉም «በዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አላየሁም» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ እርስዎም እንዲሁ ቢሉ ኃጢአት የለበትም። ይህን ሁሉ ይዤ ገባሁና ከፊታቸው ስቀመጥ አፌ ውስጥ ቀረ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድሁ።

«አባ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ ደብዳቤ ይጻፍለታል?»

«ለሁሉም አይጻፍም። ለእኔ ተጽፎልኛል» አሉ። «ከመምህሬ ቤት ወጥቼ ጎጃም ወዳለ ሌላ መምህር ስሄድ ሰጡኝ። ሁለት ቀን በእግሬ ጉያዬ ውስጥ ይዤው ሄድሁ። ምን ያህል አመስግነውኝ ይሆን እያልሁ ልቤ እያበጠ! አዲሱ መምህር ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡት። ‹ይህ ልጅ ይህ ይህ ጎድሎታል› ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከዚያ አዲሱ መምህር ‹ተመስገን፣ ልፋት ቀነሱልኝ› አሉና እዚያው ሦስተኛው መስመር ላይ ካለው ጉድለቴ ጀምረው አስተማሩኝ።»

እኔ በሩን ማየት ጀመርሁ።

«ለሚቀበልህ መምህር የሞላልህን ብነግረው ምን ያደርግበታል? የሞላ ነገር ላይ ማን ይጨምራል?» አሉ።

«እውነት ነው፣ አባ» አልሁና ተሰናብቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ልጄ፣ የመጣህበትን ጉዳይ ሳትነግረኝ?» አሉኝ። «እንዲያው ልጠይቅዎት ነው» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ያፋ ደወለች። «መነኩሴው ተጨማሪ ገጽ ልከውልኛል» አለች። «ምንም አልልህም። አሁን ያለህበትን ሥራ ግን በደንብ ያዝ።»

የጽሑፍ ፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች የውትድርና ግዴታቸውን ከጨረሱ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ናቸው። አንዷ ፈታኙ መስያት ኖሮ «ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ይፈቀዳል አልኋት፤ ጠጣች። ፈተናው ሲጀመር እኔ በሹክሹክታ መድገም ጀመርሁ። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ዝም በል አለኝ፤ በሦስተኛው ከመስኮቱ አጠገብ ብቻዬን አስቀመጠኝ። ከስድስቱ ጥያቄዎች አራቱን በሚገባ ሠራሁ፤ አምስተኛውን በከፊል፤ ስድስተኛውን አነበብሁት። ለማለፊያው በቅቶኝ ለቃል ፈተና ተጠራሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ሽበታም ሰውዬ፣ ስልኩን የማይለቅ ወጣት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አጭር ሴት ፕሮፌሰር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሳላውቀው ተነሥቼ እጄን አጣምሬ ቆምሁ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለ ሰብሳቢው።

«ከተቀመጥሁ ይጠፋብኛል» አልሁ። ተያዩና ተዉኝ።

ሦስት ጥያቄ መለስሁ። በአራተኛው መካከል የገዛ ድምፄ ከፍ ሲል ጆሮዬ ሰማው። ወጣቱ ስልኩን ትቶ ቀና አለ። ቆም አልሁና «ይህን አላውቀውም» አልሁ። በሕይወቴ በፈተና ቦታ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልሞተም።

ከዚያ ሰብሳቢው ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣ። «እኔ በዚህ ወንበር ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ» አለ፤ «እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ፈቃድህ ከሆነ ላንብብልህ።» ፈቃዴ አልነበረም፤ ግን አነበበ። እንዲህ ይላል፦

«ለሚቀበሉት መምህራን። ይህን ልጅ ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ። የጎደለው ይህ ነው። ይቸኩላል። የማያውቀውን ሲጠየቅ ይጮኻል። የሠራው ማሽን ንጉሡን ‹ሠ› እና እሳቱን ‹ሰ› አንድ አድርጎ ያነባል፤ በግእዝ በንጉሡ ‹ሠረቀ› ማለት ወጣ ነው፣ በእሳቱ ‹ሰረቀ› ማለት ሌባ ሆነ ነው። በመጽሐፌ ፀሐይ ወጣች፤ በእሱ ማሽን ፀሐይ ሰረቀች። ስነግረው ‹ግድ የለም፣ አባ› አለኝ። ግድ አለው። የሞላለትን እናንተው ታገኙታላችሁ።»

ወጣቱ ሳቀ። ሰብሳቢው ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። «በተጨማሪ፦ ደብዳቤውን እንዳሳምርለት ሊለምነኝ መጥቶ ነበር። ሳይለምነኝ አፍሮ ተመለሰ። ይህ ጉድለት ይሁን አይሁን እኔ አላወቅሁም፤ እናንተ ፍረዱ።»

አሁን ሦስቱም ሳቁ። እኔ የምስቅበትን ቦታ እየፈለግሁ ሳለሁ አጭሯ ፕሮፌሰር መነጽሯን አወረደች። እሷ ሳቋን ጨርሳ ነበር።

«ሁለቱን ፊደላት ለምን አንድ አደረግሃቸው?»

«በዛሬው አነጋገር ድምፃቸው አንድ ስለሆነ...» ድምፄ ሊወጣ ሲል ያዝሁት። «እውነቱን ለመናገር፣ ፊደላቱ ሲያንሱ ማሽኑ የሚሳሳተው ያንሳል። ውጤቱ ያምራል።»

«በምርምር ሐሳብህ ላይ የጻፍኸው ውጤት ይህ ያማረው ነው?»

«አዎ።»

«ሳታሳምረውስ?»

ነገርኋት። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰ፤ እኔም ተሰናበትሁት ያልሁትን የቀጠሮ ፕሮግራሜን በልቤ መልሼ ሰላም አልሁት።

ፕሮፌሰሯ ግን ገና አልጨረሰችም። «የብራናዎቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፉ ነበር?»

«አንዳንዶቹ።»

«ታዲያ ማሽኑ የቱ ስሕተት፣ የቱ ሌላ ቃል እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ማወቅ አለበት። ምርምሩ እኮ ይኸ ነው። አንተ የደበቅኸው!» ወደ ሰብሳቢው ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ እይዘዋለሁ።»

የትምህርት ክፍሉ መልስ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ምስጋና የለበትም፤ ስለዚህ መጨረሻውን ሳላነብ ገባኝ። ሁለት የማሟያ ትምህርት አክለውብኝ ተቀብለውኛል። እናቴ «ስንት ዓመት ነው?» አለች። «አራት፣ አምስት» አልሁ። እልል አለች፤ ቀጥላም ለሕንጻው ሁሉ ስድስት ብላ ነገረች፤ ሲረዝም የሚከበር መስሏት።

ፕሮፌሰሯ የመጀመሪያ ትእዛዟ «መጻሕፍቱን በዓይኔ ልያቸው» የሚል ሆነ። አንድ ዓርብ ጠዋት ይዣት ወደ አባ ዘወንጌል ሄድሁ። የእሳቸው ዕብራይስጥ ከ«ሻሎም» አያልፍም፤ እሷ አማርኛ ጭራሽ የላትም። አንድ ሰዓት ያህል መካከላቸው ተቀምጬ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ስተረጉም አንገቴ ታመመ። አባ ስለ ቀለም አቀማመጥ ሲናገሩ በዕብራይስጥ ቃሉ ጠፍቶኝ «ጥሩ ነው ይላሉ» ብዬ አሳጠርሁት፤ እሷም ስለ ስሕተት ስሌት ስታወራ «ጥሩ ነው ትላለች» አልኋቸው። ሁለቱም ተጠራጠሩኝ።

ከዚያ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ፊደሉ አይታየኝም አለች። ደማቅ አምፖል ልገዛ ወደ ያፎ ጎዳና ወረድሁ። ሱቁ ውስጥ ሰልፍ ነበር፤ ዓርብ ስለሆነ መንገዱም ለሰንበት በሚሸምት ሰው ተሞልቷል። እነዚያን ሁለት ሰዎች ያለ ቋንቋ ትቻቸው መምጣቴ እያሳሰበኝ፣ በመጨረሻ እየሮጥሁ ተመለስሁ።

በሩን ስከፍት ሁለቱም መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቆመዋል። ሁለቱም በአንድ ፊደል ላይ ጣታቸውን ጭነዋል። እሷ በዕብራይስጥ ትጮኻለች፤ አባ በአማርኛ፣ መካከል ላይ ግእዝ እየጨመሩ፣ ከእሷ በላይ ይጮኻሉ። መቋሚያቸው ወድቋል፤ የእሷም መነጽር ብራናው ላይ ነው።

ደንግጬ አምፖሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና በመካከላቸው ገባሁ። «አባ፣ ምን ልተርጉምልዎት?»

አባ ዘወንጌል ዓይናቸውን ከፊደሉ ሳያነሡ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ቆይ ልጄ፣ አታቋርጠን፤ እየተግባባን ነው።»